ያልፈረሙት አማት

«አሁንማ ምን ያስቀራታል? ባሏ ዘንድ ትበራለች።»

ዓለምነሽ የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆመች። የተናገረችው ከቀጨኔ የመጣች ለቀስተኛ ናት። አጠገቧ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም ስታደርጋት ዝም አለች። ዓለምነሽ እንዳልሰማ ሆና ገባችና ሰፌዱን ከፊታቸው አኖረች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት ሁለቱም ባንድ አፍ።

«አሜን።»

አማቷ እማማ ሾዴ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጣልያን ከገባ ወዲህ ጉለሌ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ መታየት አይወድም። ስለዚህ ድንኳን አልተጣለም፤ ለቀስተኛው ሁለትም ሦስትም እየሆነ ይገባል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ይወጣል። የሚያለቅሰውም ድምፁን ውጦ ነው።

ሴትዮዋ ያለችው ሐሰት አልነበረም። ዓለምነሽን የከነከናትም እሱ ነው።

ባሏ ቶለሳ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ጣልያን ከተማውን ሊይዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው «ሳምንት አልቆይም» ብሏት ጅቡቲ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ወደብ ላይ ሥራ አገኘ። በዓመቱ፣ ሙዘይን የሚባል ነጋዴ ደብዳቤውን በብብቱ ሸጉጦ አመጣላት። ከደብዳቤው ጋር የፈረንሳዮች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነበረ፤ ቶለሳ ሚስቱን ለማስተዳደር እንደሚችል፣ ቤት እንደተከራየላት፣ አሠሪውም ለዚህ ዋስ እንደቆመለት ይናገራል። «የመግቢያሽን እኔ ጨርሻለሁ» ይላል ደብዳቤው፤ «አንቺ ከዚያ የመውጫሽን ብቻ አግኚ።»

ዓለምነሽ መውጫዋን ፍለጋ ስድስት ወር ተመላለሰች። የጋብቻዋን ምስክር ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ካህን አጻፈች። የይለፍ ወረቀት የሚሰጥበት ቢሮ ስትቀርብ፣ አስተርጓሚው እውነት ሚስቱ መሆኗን ላጣራ ብሎ «ባልሽ ገላው ላይ ምን ምልክት አለው?» ሲል በሰው ሁሉ ፊት ጠየቃት።

«ከጉልበቱ በላይ እሳት የፈጀው ጠባሳ አለው» አለች መሬት መሬት እያየች። ወረፋ የያዙት ወንዶች ሳቁ። እሱንም ቻለችው። በመጨረሻ የቀረው ዋስ ብቻ ሆነ፤ እሷ ሳትመለስ ብትቀር የሚጠየቅ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑም ቢሮው እየቀረበ የሚፈርም ዘመድ።

ያን ቀን እየሮጠች ነበር ቤት የገባችው።

«እማማ፣ አለቀልኝ እኮ! የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው!»

እማማ ሾዴ ምስር ይለቅሙ ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟት። በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ማልደው ወጡ፤ የት እንደሚሄዱ አልተናገሩም። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«አልፈርምም» አሉ።

«ለምን እማማ?»

«አልፈርምም አልኩሽ፤ በቃ።»

ለመነች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች። ደብዳቤዋን የሚጽፉላትን ጎረቤቷን አቶ ጉልላትን ሽማግሌ ላከች። ወይ ፍንክች! ዓለምነሽ ከተማው ውስጥ ሌላ ወገን አልነበራትም። አንድ ቀን ብሶቷ ገነፈለና፣ የማይባለውን አለች። የቶለሳ ታላቅ ወንድም ደበላ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቱ ጥቁር የለበሱት ለእሱ ነው።

«እርስዎ የሚወዱት የሞተውን ልጅዎን ነው!» አለቻቸው። «በሕይወት ያለውማ መች ልጅዎ ሆነ!»

እማማ ሾዴ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ «ይሁን ልጄ» ብቻ ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ ከ«ብሉ» እና ከ«በልቻለሁ» የዘለለ ንግግር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ክረምቱ ላይ ደረታቸውን ሲያማቸው ዓለምነሽ አጠበቻቸው፣ አገላበጠቻቸው፣ አጥሚቱን በማንኪያ አጎረሰቻቸው። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። የተበደልኩት እኔ ነኝ ብላ ነዋ።

በዚህ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አቶ ጉልላት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው፣ «የቶለሳ ወረቀት እስከ ገና ብቻ ነው የሚሠራው» አሏት በሹክሹክታ። «አሁን አማትሽ ስለሌሉ፣ ጎረቤትም ዋስ ቢሆን ይቀበላሉ። እኔ እፈርምልሻለሁ።»

«እርስዎ? ኋላ ቢያስሩዎትስ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ምን እንዳይሆን ነው? ረቡዕ ጠዋት እንሂድ።»

ልቧ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ የሾዴን ባዶ መደብ አየችና በዝላዩ አፈረች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደራርቱ በጓሮ በኩል ገባች። ደራርቱ በየሳምንቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ናት። ጓሮው በእንጨት ተሞልቶ እንኳ እማማ ሾዴ አይመልሷትም ነበር፤ በእንጨቱ ልክ ጨውና ሽሮ ቋጥረው ይሰጧታል። ዓለምነሽ ይህን የእርጅና አመል ትለው ነበር።

ደራርቱ መደቡን ስማ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ዓለምነሽን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«መቃብራቸው በየት በኩል እንደሆነ ንገሪኝ። ልጃቸው ይጠይቀኛል።»

«ቶለሳን የት አግኝተሽው?»

«ቶለሳን አይደለም።» ደራርቱ በሩን ገርበብ አደረገችው። «ደበላን ነው።»

ዓለምነሽ በሩን ጨርሳ ዘጋችው። «ደበላማ… ማይጨው…»

«ቆስሎ ተመልሷል። ከሱሉልታ ማዶ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ያ ሁሉ ጨውና ሽሮ ለማን የሚሄድ መስሎሽ ነው?»

«ለእኔ ያልነገሩኝ ለምንድን ነው?»

«የማታውቂውን ተገርፈሽም አታወጪማ። ያኔ እኮ ሊፈርሙልሽ ሄደው ነበር! ዋስ የሚሆን ሰው ቤቱ ይፈተሻል፣ የልጆቹም ነገር አንድ በአንድ ይጣራል ሲሏቸው ከደጃፉ ተመለሱ። እኔን መንገድ ላይ አግኝተው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ‹አንዱን ከሚስቱ ላገናኝ ብዬ ሌላውን ላሰቅል?› አሉኝ። ‹ትጥላኝ ግዴለም› አሉ፣ ስላንቺ።»

ዓለምነሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ያኔ የተናገረችው ቃል አንድ በአንድ ተመልሶ መጣባት። አሁን ይቅር በሉኝ ብትልም የሚሰማት የለም።

«ሲሞቱስ ምን አሉ?» አለች ደራርቱ። «መቼም እሱን ሳይጠይቀኝ አይቀርም።»

እማማ ሾዴ ምንም አላሉም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ምላሳቸው ተሳስሮ ነበር።

«‹ደበላ› ብለው ጠሩት በይው» አለች ዓለምነሽ። «ስሙን ጠርተው መረቁት በይው።»

አቶ ጉልላት ሊሄዱ ሲነሡ ደጅ ድረስ ተከተለቻቸው።

«ረቡዕ ይቅር፤ ለቶለሳ ይጻፉልኝ» አለቻቸው።

«ምን ብዬ?»

«የእናትህን ቤት የሚይዝ ሰው የለም፣ ጠብቀኝ ብላለች ይበሉት። ሌላው በደብዳቤ አይሆንም።»

ሽማግሌው ፊቷን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ሦስት ዓመት ጠብቆሻል እኮ። አሁንስ ባይጠብቅሽ?»

ዓለምነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አቶ ጉልላትም ሌላ አልጠየቁ፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ቁልቁለቱን ወረዱ።

ወደ ጓዳ ተመልሳ ጨውና ሽሮ ቋጠረች። ለቀስተኞች ካመጡት ዳቦም አንድ ሙሉ ጨመረችበት። ከዚያ ሻሿን ፈታችና ጓዳው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሹሩባዋን ከማጅራቷ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታችው፤ ስትጨርስ ምላጭ ለደራርቱ ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ መላጨት እኮ የልጅ ነው» አለች ደራርቱ። «ምራት ግድ የለባትም።»

ዓለምነሽ ጭንቅላቷን ደራርቱ ጉልበት ላይ ዝቅ አድርጋ አስደገፈች።