ሣርና አሸዋ

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጭጋጉ ገና ስላልተነሣ ማንም አይታይም። ግን ቢላዋው ጣውላ ላይ እንዲህ ሳይቸኩል ሲወርድ የማን እጅ እንደሆነ እዚህ የባሕር ግንብ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሬክስ ነው። የባሕር ሣሩን እየከተፈ ነው።

«ህልመኛው፣ አንተ ነህ?» አለኝ ከጭጋጉ ውስጥ። ኮቴዬን ለይቶት ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ነቅተሃል ወይስ በእንቅልፍ ልብህ ነው የመጣኸው?»

ባልዲዬን አስቀምጬ የራሴን መክተፍ ጀመርኩ።

የክረምቱ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። በዚያ ዕለት ሕጉ ለአንድ ሰው የፈቀደውን አሥር ጥቁር ዓሣ ቀድሞ የሞላ፣ ክረምቱን በሙሉ ጠረጴዛው የሱ ነው። ጠረጴዛው ግንቡ ጫፍ ላይ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ከባለቤቱ በቀር ማንም አይቆምበትም። የተጻፈ ነገር የለም፣ የደፈረም የለም። ሬክስ የያዘው እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው።

እኔን ዓሣው ብዙም አያጓጓኝም ነበር። ሥራ ቦታዬ የዛጎል ማጠቢያው ማሽን ሲያንቧርቅ ይውላል፤ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑና ሦስቱ እህቶቼ ከዚያው ይቀጥላሉ። ከጠረጴዛው ወዲያ ግን ሰው የለም። ከኋላህ እያለፈ «ያዝክ?» የሚልህ የለም። አንድ ክረምት፣ አንድ ብቻ፣ እዚያ ቆሜ ማንም ሳያናግረኝ ውኃ ባይ ብዬ ስመኝ ስንት ዓመቴ።

ግን ጠረጴዛውን ከያዘው ሰው መንጠቅ ቀላል አይደለም። ሁላችንም የተከተፈ ሣር ከእርጥብ አሸዋ ጋር ለውሰን እንወረውራለን። አሸዋው ይዞት ይሰምጣል፣ ሣሩ እየተበተነ ዓሣውን ይጠራል። በርሊ የምንለው የዓሣ መሳቢያ ይኸው ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ታዲያ ውኃው የግንቡን ሥር ይዞ ስለሚወርድ፣ የሁላችንም በርሊ ወርዶ ወርዶ ጠረጴዛው ሥር ይከማቻል፤ ዓሣውም ይከተለዋል። ግንቡ ላይ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ለሬክስ ሲቀልብለት ይውላል ማለት ነው።

ዘንድሮ ግን ጎርፍ መጥቶ ነበር፤ ከጎርፉ በኋላ የወንዙ አፍ ላይ አዲስ የአሸዋ ክምር ተነሣ። ከሥራ ስወጣ የማጥመጃ ዘንግ ሳልይዝ ግንቡ ላይ ቁጭ ብዬ አረፋ አያለሁ። ልማዴ ነው። አረፋው ድሮ የሚሄድበትን መንገድ ትቷል። ውኃው ግማሽ ያህል ሲጎድል ጠረጴዛው ጋ ይደርስና የግንቡን ጥግ ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከጠረጴዛው ወዲህ ጋደል ያለ አንድ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ሥር ሲደርስ ከላይ ከሚወርደው ጋር ተጋጥሞ እዚያው ይሽከረከራል። ለማንም አልተናገርኩም። የጠየቀኝም የለ።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ጋደል ያለው ድንጋይ ላይ ቆሜ አገኙኝ። ሰው እንኳን ሊያጠምድበት ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ድንጋይ ነው። ደልሲ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣችው ዳኛችን፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣችና ቆማ አየችኝ።

«ኢዋን፣ እዚህ ምን ልትይዝ ነው? ጉንፋን?»

«ተዪው እንጂ» አለ ሬክስ ከጠረጴዛው ላይ። «ተንሸራቶ ሲገባ እሱ ራሱ በርሊ ይሆነናል።»

«ምን ሥጋ አለውና!» አለች ደልሲ።

ግንቡ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ፊሽካው ተነፋ።

መጀመሪያ ላይ የሳቁት ልክ ነበሩ። ሬክስ አንዱን አወጣ፣ ሌላ ደገመ፣ ሠለሰ። የኔ ተንሳፋፊ ቡሽ እንደ ተረሳ ዕቃ ቆሟል። ከበርሊዬ ትንሽ ወረወርኩ፤ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ሬክስ ወረደ።

«አመሰግናለሁ፣ ህልመኛው!» ብሎ ጮኸልኝ።

ባልዲዬን ከደንኩት። አረፋውን ብቻ ማየት ያዝኩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆን? ከዚያ ጠረጴዛው ጋ አንድ ነጭ የአረፋ ቁራጭ ቆመ። ተንቀጠቀጠ። ዞረና ግንቡን ታክኮ ወደኔ መጣ።

ከኋላው የተከተፈ ሣር መጣ። የሬክስ ሣር ነው፤ እንደሱ አድርጎ አድቅቆ የሚከትፍ የለም። ከሣሩ ሥር ደግሞ ጥላ፣ ሌላ ጥላ፣ ጎኑን ሲያዞር ብልጭ የሚል።

ቡሹ ሰመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው በደንብ አይታወሰኝም። ዘንጌ ጎብጦ ሲቃና፣ ሲጎብጥ፣ ጥቁር መስመር ያለባቸው ወፋፍራም ዓሦች እግሬ ሥር ሲንደፋደፉ። ሰዎች የየራሳቸውን ዘንግ አጥፈው ከኋላዬ ተሰበሰቡ። ሬክስ ዓሣው ሲርቅበት እፍኙን ትልቅ አደረገ። ሲብስበት በሁለት እጁ ይዘረግፍ ጀመር። የዘረገፈው ሁሉ ወደኔ ይመጣል።

«ሬክስ!» አለች ደልሲ፤ «ልጁን እኮ በደንብ አድርገህ እየቀለብክለት ነው!»

«ዝም በይ አንቺ! ዳኛ ነሽ!»

«ዳኛ ዓይን የለውም ያለህ ማነው?»

ሬክስ ቀና ብሎ አረፋውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መወርወሩን ተወ፤ ባልዲውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ቆመ። እሱ ስምንት፣ እኔ ዘጠኝ። ሣሩ መምጣቱን ሲያቆም ጥላዎቹም ከሥሬ አንድ በአንድ ጠፉ።

የባልዲዬን ክዳን አነሣሁ። ብዙ ወርውሬ ባጠግባቸው መንጠቆዬን አያዩትም። የእንቁላል ያህል ጠቅልዬ አረፋው ከሚመጣበት በኩል፣ ወደ ጠረጴዛው ከፍ አድርጌ ጣልኩ። ቆይቼ አንድ ደገምኩ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

ቡሹ ሰው ሲያንቀላፋ ዓይኑ እንደሚከደነው በዝግታ ወረደ።

«ሳበው!» አለ ከኋላዬ አንዱ።

አልሳብኩም። ጥቁር ዓሣ መንጠቆው ላይ ያለውን ሣር በከንፈሩ ነው የሚይዘው፤ ከቸኮልክ ሣሩ ይወጣና እሱ ይሄዳል። ቡሹ ጨርሶ እስኪጠፋ ተውኩት። ከዚያ ዘንጌን ከፍ አደረግሁ።

እንደዚያ የከበደ ይዤ አላውቅም። ወደ ድንጋዮቹ ጉድጓድ ሊገባብኝ ሲል ያዝኩት፤ እግሬ ተንሸራተተና በጉልበቴ ወደቅሁ፣ ቆዳዬ ተላጠ። ዘንጌን ግን አልለቀቅሁም። ተንበርክኬ እንዳለሁ መረቡን ከሥሩ አገባሁና አወጣሁት።

«አሥር!» ብላ ደልሲ ፊሽካዋን ነፋች።

ጮህኩ። ዝምታ ፈልጌ የመጣሁት ሰውዬ ዓሣውን በሁለት እጄ ወደ ላይ ይዤ ማዶ ላይ ያሉት ወፎች እስኪነሡ ጮህኩ። ጀርባዬን ይደበድቡኛል፣ ፀጉሬን ያምሱታል።

«ውጣ በላ!» አለችኝ ደልሲ። «ጠረጴዛህ ላይ ውጣ!»

ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ ሄድኩ። ሬክስ አሁንም እዚያው ቆሟል። እኔ ስደርስ የሱ ቡሽ ሰመጠ፤ ሁለታችንም አየነው። አልሳበም። ዓሣው ሣሩን ጨርሶ እስኪለቀው ጠበቀና ባዶውን መንጠቆ ጠቀለለ። ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጠረጴዛው ወረደ፤ ቦታውን ለቀቀልኝና በጎኔ አለፈ።

«ሬክስ! ሻይ አፍልተናል እኮ!» አለች ደልሲ።

ግንቡን ጨርሶ መኪናው ጋ ደረሰ። አልገባም። አልፏት የባሕሩን ዳር ይዞ በእግሩ ሄደ፤ ከተማችን በሌለችበት አቅጣጫ።