የማርሻሉ ምክንያት

ልብስ ሰፊው በማዳመጫው ውስጥ ሲያለቅስ መቀስ ጥርሷን ነክሳ ትሰማዋለች።

«አባታችን በቀበቶ ነበር የሚገርፈው። ዘለበቱን ወደ ውጭ አድርጎ። ከዚያ በር ይዘጋበታል፤ ብርድ ላይ ያድራል። እኔ በመስኮት አየው ነበር።»

መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት የሬዲዮ ጣቢያው ባልደረቦቿ ናቸው። ሥራዋ የተቀረጸ ድምፅ ቆርጦ መቀጠል ነውና ሳልም ሆነ መንተባተብ፣ የወንበር ሲጥሲጥታም ቢሆን ከእርሷ እጅ አያመልጥም። የስንቱ ሰው ልቅሶ በጆሮዋ አልፏል፤ እንደ ዛሬው ግን አንጀቷን ያሳረራት የለም። የሚያለቅሰው የማርሻሉ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚያለቅሰውም አገሩን በደም ላጠበው ለዚያው ለማርሻሉ ነው። የማርሻሉ ወታደሮች የመቀስን ታላቅ ወንድም፣ የሒሳብ መምህሩን፣ ከሚያስተምርበት ክፍል ጠርተው ወስደው ገድለውታል። አስከሬኑ እንኳ ለእናቱ አልተሰጠም። ማርሻሉ ከሥልጣኑ ወርዶ በገዛ አልጋው ላይ ከሞተ ዘመን አልፏል፤ «ለምን አደረግኸው?» ብሎ ፊት ለፊት የጠየቀው ግን አልነበረም።

ዝግጅቱ «የጨካኞች ሚዛን» ይባላል። አዘጋጁ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ስለማያጣ ሊቁ ይሉታል። በየሳምንቱ ሁለት ደም አፍሳሾችን ጎን ለጎን አቁሞ ሕይወታቸውን ያነጻጽራል። የሩሲያው ንጉሥ ኢቫን በሕፃንነቱ ወላጆቹን አጥቶ መኳንንቱ እንደ ናቁት፣ ሂትለርን የሥዕል ትምህርት ቤት እንዳልተቀበለው፣ ስታሊንን አባቱ እየሰከረ ይደበድበው እንደ ነበር ከመጻሕፍት ለቅሞ ይተርካል። የሚተርከው ሐሰት አይደለም። መቀስን የሚያንገበግባት በመጨረሻ የሚያሰማው ፍርድ ነው። ሚዛኑ ዘወትር ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ከጨካኙ በስተጀርባ የተጎዳ ሕፃን አለ፤ ያን ሕፃን አቅፎ የሳመው ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ባላለቀ ነበር ይላል። የመጨረሻው ዝግጅት ማርሻሉን ከእነዚህ ጋር የሚያስተያይ ነው።

ይህም ቢሆን ባልከፋት ነበር፤ እናቷ ግን ያዳምጣሉ። አሮጊቷ ሬዲዮናቸውን ከራስጌያቸው አኑረው፣ ሳምንቱን ሙሉ ያችን ሰዓት ይጠብቃሉ። ልጃቸው ለምን እንደ ተገደለባቸው የነገራቸው የለም፤ ምናልባት ይህ የተማረ ሰው ይነግረኝ ይሆናል ብለው ነው። ባለፈው ሳምንት ዝግጅቱ ሲያበቃ ሬዲዮውን ዘግተው መቀስን ጠሩ።

«አንቺ፣ እኔም እናንተን ገርፌአችኋለሁ አይደል?»

«ማን ያልተገረፈ አለ እማ?»

«ወንድምሽን ደግሞ አብዝቼ። ልቡ ደንዳና ነበር፣ አያለቅስም፤ እልህ ይዞኝ እጨምርለት ነበር።» እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት። «ቢኖር እሱም ሰው ይገድል ነበር እንዴ? እግዜር አስቀድሞ የወሰደው ለዚያ ይሆን?»

መቀስ ሟቹን ገዳይ፣ እናቲቱን ጥፋተኛ አድርጎ፣ ማርሻሉን በነጻ ያሰናበተ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምታ አታውቅም።

አሁን ደግሞ የልብስ ሰፊው ልቅሶ በሬዲዮ ሲወጣ እናቷ ምን እንደሚሉ ታውቀዋለች። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው ብላ መቁረጧን ቀጠለች። በሙያው አንድ ልማድ አለ። ቃለ መጠይቅ ሲያበቃ ሁሉም ጸጥ ብሎ የክፍሉ ዝምታ ለአንድ አፍታ ይቀረጻል። ዝምታም የየቤቱ ነው፤ የአንዱ ቤት ከሌላው አይገጥምም። የተቆረጠው ቦታ እንዳይታወቅ የሚጣፈው በዚያው ዝምታ ነው። መቀስ ልቅሶው መካከል የገባ የመኪና ጥሩምባ አውጥታ፣ መጣፊያ ፍለጋ ዝምታውን ከፈተች። ሊቁ «አሁን ዝም ይበሉ፣ እኔ ስልክ አንሥቼ ልመለስ» ሲል፣ በርም ሲዘጋ ተሰማ። ቀጥሎ ግን የልብስ ሰፊው ሚስት ድምፅ መጣ።

«ሄደልህ?»

«ይመለሳል። ዝም በል ብሎኛል።»

«አሁን ነው ዝም የምትለው? ያን ሁሉ ስትቀባጥር ቆይተህ?»

«ምን አልኩ?»

«እሱ ብቻ የተገረፈ አስመሰልከው። ጀርባህ ላይ ያለውን ጠባሳስ ምን ሠራው፣ የሻይ ማንኪያ ነው?»

«እኔንማ ይብስ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «እሱ ሮጦ ያመልጣል። የምያዘው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንተ ማንን ገደልክ? ሱሪ ስታሳጥር አረጀህ እንጂ።»

«ተይኝ እስቲ። የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ደስ ይለው ነበር። የሠራውን እያወራ ይበላል። አንድ ቀን እንኳ ምግብ ቀርቶበት አያውቅም።»

በር ተከፈተ፤ ድምፁም ተቋረጠ። መቀስ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ ሊቁ ክፍል ገባችና አሰማችው። ሊቁ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ አዳምጦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ መቀስ፣ ይህማ አይወጣም። ባልና ሚስት ሳያውቁ የተቀረጸባቸው ነው። ነውር ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ። ሂድና እያወቀ ጠይቀው። ‹አንተስ ተገርፈሃል?› በለው።»

«የስንት ወር ሥራዬን ልታፈርሺው ነው?»

«ይፍረሳ። አንድ አባት፣ አንድ ቀበቶ፣ ሁለት ልጆች። አንዱ ልብስ ሰፋ፣ አንዱ አገር ጨረሰ። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ታመጣለህ?»

«አንቺን የሚያናግርሽ ንዴት ነው። እኔ ምክንያቱን ላስረዳ እንጂ ይቅር በሉት አላልኩም።»

«ንዴት ነው፤ ማን ካደ? ንጉሡን አክዓብን ታውቀዋለህ? መንግሥቱን ይዞ ሳለ ናቡቴ የወይን ቦታዬን አልሸጥም ቢለው አልጋው ላይ ተጋደመ፤ ፊቱን አዞረ፤ አልበላም አለ። ናቡቴ በድንጋይ ተወግሮ ሲሞት ተነሥቶ ቦታውን ሊረከብ ወረደ። አንተ ብትኖር ናቡቴ ሳይቀበር የአክዓብን ሞግዚት ፈልገህ ቃለ መጠይቅ ታደርጋት ነበር።»

ሊቁ ሳቀ። ሳቁ ይበልጥ አቃጠላት፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከአንድ ጫማ ጠጋኝና ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሸጎጠ ነው። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ የኮት ገበር ይሰፋ ነበር። ማንነቷንና የሰማችውን፣ እናቷም የሚያስቡትን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። እግሩ ቆመ።

«ልታወጡት ነው?»

«ሳይፈቅዱ አይወጣም። እንዲደግሙት ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«ለሬዲዮ አልደግመውም» አለና የወደቀውን ጠመኔ ሊያነሣ ጎነበሰ። ጎንበስ እንዳለም፣ «እናትሽ ግን እንዲህ ካሰቡ ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ። ይህን ያህል ኅሊና አላጣሁም» አለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በአሮጊቷ ፊት ተቀመጠ። እናቲቱ የምታቀርቢለት ነገር የለም ብለው አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበርና ውኃ እንኳ አልተሰጠውም።

«አባታችሁ አንተንም ገርፎሃል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከእሱ አብልጦ?»

«አብልጦ።»

«ማንን ገደልክ?»

«ማንንም አልገደልኩም።» ባርኔጣውን አዞረው። «ልብሱን ግን ሰፍቼለታለሁ። ኒሻኑን የሚደረድርበትን ኮት። ሲለካ እንኳ ያወራልኝ ነበር፤ ማን እንደ ለመነው፣ ማን እንዴት እንደ ወደቀ። እየሳቀ። እጅጌውን በመርፌ እይዝለታለሁ እንጂ ተው አላልኩትም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው በሬዲዮ የምታለቅስለት?»

«እሱ በሽተኛ ከነበረ እኔ የበሽተኛ ወንድም ነኝ፣ ሰው ያዝንልኛል። ወዶና ፈቅዶ ያደረገው ከሆነ ግን እኔ ምንድን ነኝ?»

የአሮጊቷ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። መቀስ ሊያለቅሱ ነው ብላ ተነሣች፤ እሳቸው ግን በእጃቸው መለሷት። ፊታቸው የደም ሥሩ ተገታትሮ ነበር።

«ከልጄ ሞት ይልቅ በገረፍኩት ስቃጠል ሰነበትኩ። ጌታዬ ፊት ተንበርክኬ፣ ነፍሰ ገዳይ ላሳድግ ነበር ወይ ብዬ። አንተ ይህን እያወቅህ ሱሪ ታሳጥር ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅርታውን አልነፍግህም፤ እንዳልነፍግህ ታዝዣለሁ። ግን እንደ ጎረቤት ወሬ በጆሮዬ አንሾካሹከህ ከሸክምህ ልትቀልል ነው የመጣኸው? እንደ እኔ ስንት እናት ሬዲዮ ከፍታ የምትጠብቅ ይመስልሃል? ለእነሱስ ማን ይሂድላቸው፣ ቤት ለቤት ትዞራለህ?»

«የልጅ ልጆች አሉኝ። አያታችሁ እንዲህ ነበር ሲባሉ…»

«የእኔ ልጅ የልጅ ልጅ ሳያሳየኝ ቀረ። ተነሥ።»

ልብስ ሰፊው ተነሣ። በሩ ላይ ቆሞ መቀስን፣ «ያ አዘጋጅ አሁን ይገኛል?» ሲል ጠየቃት።

ሊቁ አኩርፎ ተቀበላቸው፤ ዝግጅቱ አልቋል፣ የሚጨመር የለም አለ። መቀስ እንግዲያውስ የሚቆርጥልህን ፈልግ ብላ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ከእርሷ ሌላ ሥራውን የሚጨርስለት እንደሌለ ያውቃልና፣ እያጉረመረመ ማይክሮፎኑን ከፈተ። መቀስ ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ለእናቷ ያለውን ሁሉ፣ ኮቱንም ሳያስቀር ተናገረ። በዚህ ጊዜ አላለቀሰም።

«ታዲያ» አለ ሊቁ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በእርስዎ አስተያየት የማርሻሉ ምክንያት ምን ነበር?»

«ይችል ነበር። ደስም ይለው ነበር። እኛም ኮት እንሰፋለት ነበር።»

ሊቁ የያዛቸውን ጥያቄዎች ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ ከዚህ መልስ ቀጥሎ የሚጠየቅ አልነበረበትም። ቀና ብሎ በመስታወቱ አሻግሮ መቀስን ተመለከታት። ቀረጻው እንዲቀጥል የቀይዋን መብራት መቆጣጠሪያ አልነካችም። አጎንብሳ ሊቁ ባጠለቀው ማዳመጫ ተናገረችው፤

«ማርሻሉ እየሳቀ ያወራለት የነበረውን ጠይቀው። አንድ በአንድ። ከሒሳብ መምህሩ ጀምር።»