ያመጣኋት እኔ ነኝ

ተርጓሚዋ ሁለት ወፋፍራም መዝገበ ቃላት አቅፋ ደረጃውን አጋምሳ ሳለች ከላይ ሳቅ ሰማችና ቆመች። የባለመድኃኒቷ ሳቅ ነበር። እኚህ ፈገግታን እንደ ሽሮፕ በማንኪያ ለክተው የሚሰጡ ሴት፣ ሥራዋን አይተው «ደግ ነው» ከማለት አልፈው የማያውቁ ሴት፣ አሁን እንደ ልጃገረድ ይንከተከታሉ። ያውም በእሷ ክፍል ውስጥ።

በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች። ባለመድኃኒቷ የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሳቂታ የሚሏት የልጅነት ጓደኛዋ መስኮቱን ተደግፋ ቆማ ተርጓሚዋ ትናንት የጨረሰችውን ደብዳቤ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ።

«መጣሽ?» አሉ ባለመድኃኒቷ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ነይ ስሚ፣ ይቺ ጓደኛሽ በሳቅ ልትገለኝ ነው!»

«ጓደኛሽ» የምትለው ቃል ድሮ ደስ ትላት ነበር።

ባለመድኃኒቷ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከመድኃኒት ቤታቸው በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአንድ ሥራ ሰጥተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ክርስቲያኖች እርስ በርስ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ማንም ሰው በሚገባው ቋንቋ አስተርጉሞ ለማሳተም። በተለይ ስለ ወዳጅነትና ስለ ውለታ የሚናገሩትን፤ ድሀው መነኩሴ ያስጠለለችውን ባለጸጋ ሴት የሚያመሰግንበትን፣ አንዱ ጓደኛውን ለሌላው አደራ የሚልበትን። ሟቹ ባላቸው እነዚህን ደብዳቤዎች ሲወዱ ኖረው ነው የሞቱት። ተርጓሚዋን ቋንቋ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አምጥተው ደመወዝ ቆረጡላት፣ መጻሕፍት ገዙላት፣ ብርዱ ሲጠና ማሞቂያ አስገቡላት። እሷም ከክኒንና ከአልኮል ሽታ በላይ ተቀምጣ ስትተረጉም ዓመታት አለፉ።

ሳቂታን ያመጣቻት ራሷ ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ ናቸው፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት ያኔ፣ መምህር ሲቆጣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነው። ስታድግ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ሆነች። ከዚያ ትዳሯ ፈረሰ፣ ሥራዋም ተከተለው፣ አንድ ክረምት ሙሉ መጋረጃ ዘግታ ተኛች። ያን ክረምት ሾርባ እየሠራች የመገበቻት፣ ጸጉሯን ያጠበችላት ተርጓሚዋ ነበረች። ሻል ሲላትም ባለመድኃኒቷ ዘንድ ቀርባ ለመነችላት። «ጆሮ አላት፤ እኔ ተርጉሜ ስጨርስ እሷ ጮክ ብላ ታንብብልኝ፤ የሚያነክሰው ዓረፍተ ነገር ያኔ ይያዛል» አለች። ተፈቀደላት። ስለ ሕመሟ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሳቂታ «ይቺን ነገር አንቺና ወንድሜ ይዛችሁልኝ ተቀበሩ» ብላ አስምላታለች።

«የቱ ጋ ነው እንዲህ ያሳቃችሁ?» አለች ተርጓሚዋ መዝገበ ቃላቱን እያስቀመጠች።

«መነኩሴው ስለ ሴትየዋ ‹ደጋፊዬ ነበረች› የሚለው ጋ» አለች ሳቂታ። «ሳነበው የኳስ ደጋፊ መሰለችኝና ለእማማ ጭብጨባዋን አሳየኋቸው። ‹ጥላዬ ነበረች› ብንለውስ?»

«ቃሉ ጥላ ማለት አይደለም። ከሰው ፊት የሚቆም ማለት ነው። የሚከላከል።»

«ታዲያ ፊትሽ የቆመ ሰው ጥላ አይጥልብሽም?»

ባለመድኃኒቷ እንደገና ሳቁ። «ምን ዓይነት አፍ ነው! በቃ ጥላ ይባል። ባለቤቴም በሕይወት ቢኖር ይቺን ይወዳት ነበር።»

ቃሉ ጥሩ ነበር። ተርጓሚዋን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትፈልገው ያጣችውን ቃል ሌላዋ መስኮት ተደግፋ ሻይ እየጠጣች አገኘችው።

«ደግሞ ቅዳሜ መጽሐፉ ሲመረቅ እሷ ታንብብልን» አሉ ባለመድኃኒቷ ከወንበሩ እየተነሡ። «አንቺማ ሰው ፊት ስትቆሚ ጉሮሮሽ ይደርቃል፣ አውቅሻለሁ። ከእንግዶቹ ጋር አረፍ ብለሽ ታዳምጫለሽ።»

«እሺ፣ እማማ።»

ባለመድኃኒቷ ከወረዱ በኋላ ሳቂታ ጠጋ አለቻት። «ተቀየምሽ እንዴ? ካልወደድሽው ጥላውን አውጪው። እኔ እኮ ለሳቅ ነው ያልኩት።»

«ምን ያስቀይመኛል?»

«እንጃ፣ ፊትሽ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት መስሏል።» ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋት ሄደች።

ቅናቱ የዛሬ አይደለም። ባለመድኃኒቷ ሳቂታን «ልጄ» ሲሏት ተርጓሚዋ በመጀመሪያው ቀን አፋቸውን አዳልጧቸው ነው ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ዓርብ ዓርብ ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። ቀጥሎ የባለመድኃኒቷ ሰማያዊ ሻርፕ ሳቂታ አንገት ላይ ታየ። «ያመጣኋት እኔ ነኝ» ትል ነበር ተርጓሚዋ ለብቻዋ፣ አንድ ሰው የካደባት ይመስል። ከሁሉ የሚያሳፍራት የምትሠራው ሥራ ነው። የጥንት ሰዎች በወዳጃቸው ደስታ መደሰታቸውን የጻፉትን አሳምራ ትተረጉማለች፤ ብዕሯን ስታስቀምጥ ግን ሳቂታ ታች ወርዳ ምን ያህል እንደቆየች ሰዓቷን ታያለች። ሳቂታ ክፉ ብትሆን ይቀላት ነበር። ብትሸነግል፣ ብታሳብቅባት ኖሮ ጥላቻውም ወግ ይኖረው ነበር። ሳቂታ ግን ምንም አላደረገችም። ሰው ይወዳታል፣ በቃ።

ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ባለመድኃኒቷ ተርጓሚዋን ወደ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ አስጠሯት። ካርቶን በካርቶን ላይ በተደረደረበት ጠባብ ክፍል የሳል መድኃኒት እያወጡ መደርደሪያ ላይ ያሰልፋሉ። እሷም ሳትታዘዝ እያቀበለች ቆመች።

«ወንድ ልጄ ላይኛውን ፎቅ ለላቦራቶሪ ይፈልገዋል» አሉ ባለመድኃኒቷ። «በሕይወት እያለሁ አይነካውም። ስሞትስ? ስለዚህ ቤቱንም ሥራውንም በአንድ ሰው ስም በሕግ አስሬ አደራ ልሰጥ አስቤአለሁ።»

ተርጓሚዋ ያ ሰው እኔ ነኝ ብላ አሰበች። ይህን ቀን ስትጠብቀው እንደኖረች ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ለጓደኛሽ ላደርገው ነው» አሉ። «ሰው ትሰበስባለች፣ ሰው ታግባባለች። አንቺም ከሚያፈሰው ጣራና ከማተሚያ ቤቱ ጭቅጭቅ ተገላግለሽ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። ከኔ በላይ ታውቂያታለሽና አንቺን ሳልጠይቅ አላደርገውም። ምን ትያለሽ?»

ተርጓሚዋ አንድ ጠርሙስ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ወረቀት ሲያልቅባት ሳቂታን ስትጠይቅ ታያት። ፈቃድ ስትፈልግ ሳቂታን። ሳቂታም እየሳቀች «ምን ጥያቄ አለው፣ ውሰጂ!» ስትላት።

«ልበ ቀና ናት» አለች። «ሥራም አትጠላም። ግን...»

«ግን ምን?»

«ምንም አይደል፣ እማማ።»

«አደራ በምሰጠው ሰው ላይ ግን የሚባል ነገር ካለ ዛሬ ልስማው።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ተርጓሚዋ ግን አውቃው ነበር። ቃሉ ከጉሮሮዋ ሲነሣ፣ ምላሷ ላይ ሲደርስ፣ ሁሉንም አወቀችው።

«ታማ ነበር። ከባሏ ስትለያይ። የመንፈስ ሕመም ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ልብሷን የምቀይርላት እኔ ነበርኩ።»

«እኔን!» አሉ ባለመድኃኒቷ፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። «አሁን ድናለች አይደል?»

«ድናለች። ሐኪሞቹ ግን ጭንቀት ከበዛባት ይመለሳል ብለዋል።»

እንዲህ ያለ ሐኪም አልነበረም።

ባለመድኃኒቷ «ነገርሽኝ፣ ደግ አደረግሽ። እኔ ሳላውቅ ልጨፈልቃት ነበር» ብለው ጠርሙሱን ከእጇ ወሰዱ።

ተርጓሚዋ ወደ ክፍሏ ተመልሳ መሥራት ጀመረች። ይደንቃል፣ ሥራው ቀለላት። እምቢ ብሏት የከረመ አንድ ገጽ እንደ ውኃ ፈሰሰ። በመሐል «እውነቱን ነው የተናገርኩት» ትላለች ለራሷ፤ «ለእሷም እረፍት ነው» ትላለች። ሐኪሞቹ ጋ ስትደርስ ግን ሐሳቧን ዘወር ታደርገዋለች።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ሳቂታ ገባች። ከመድኃኒት ቤቱ የተሰጣትን ነጭ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ቫይታሚን ሰጡኝ» አለች። «አየሽ? ቫይታሚን።»

«ማን?»

«እማማ። እንደ በሽተኛ ግንባሬን ዳሰሱኝ! ‹ደመወዝሽ አይቋረጥም፣ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ቅዳሜም ሌላ ሰው ያነባል› አሉኝ። ስለዚያ ክረምት ሁሉንም ያውቃሉ። ሲያዝኑልኝ ብታዪ! ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያም እንዲህ ነው የጀመረው፤ አዘኑልኝ፣ አዘኑልኝ፣ ከዚያ ወንበሬን ወሰዱት።»

ተርጓሚዋ እስክሪብቶዋን ከድና አስቀመጠች።

«አማልጂኝ» አለች ሳቂታ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «በእናትሽ ውረጂና አነጋግሪልኝ። አንቺን ይሰሙሻል። እኔን ይወዱኛል እንጂ አይሰሙኝም፤ የሚያምኑት አንቺን ነው። ለኔ ሁሌ ‹እሷ ያለችውን› እያሉ ነው የሚያወሩት።»

ዓመት ሙሉ ልትሰማው የፈለገችው ነገር ይኸው ነበር። መምጫውን ግን እንዲህ አላሰበችውም። ሆኖም ጣፈጣት፤ መጣፈጡንም ጠላችው። ወዲያውም መንገዱ በራሱ ጊዜ ታያት፦ ብቻዋን ትወርዳለች፣ «እማማ፣ አጋንኜው ይሆናል» ትላለች፣ ሳቂታን እየመራች ወደ ላይ ትመልሳታለች። ማንም ምንም አያውቅም። ሳቂታም ዳግመኛ የእሷ ባለዕዳ ትሆናለች።

«እሺ» አለች፤ «እነግራቸዋለሁ።»

ሳቂታ እጇን ሳመቻትና ስልኳን አወጣች። «እኔ ደግሞ ይሄን ልጅ እነግረዋለሁ።»

«የቱን ልጅ?»

«ወንድሜን ነዋ! ከአንቺና ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ለልጁ መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ከእማማ ጋር ሲያወራ አይቼዋለሁ። አፉን መያዝ አይችልም፣ ድሮም ወሬኛ ነው።» ቁጥሩን እየፈለገች ድምፅዋ ተሰበረ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም። በሬን እንዳይረግጥ ነው የምለው።»

ተርጓሚዋ ወንድምየውን ታውቀዋለች። የታክሲ ሾፌር ነው። ያን ክረምት ተሳፋሪ ትቶ እየመጣ እህቱ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ለመግባት ይፈራል፣ ለመሄድ አይችልም። ከልጁና ከሳቂታ ሌላ ዘመድ የለውም።

ስልኩ ሲጠራ ይሰማል።

ተርጓሚዋ እጇን ዘርግታ ዘጋችው።

«ምን ሆነሻል?»

«አትደውዪ። እሱ አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ተርጓሚዋ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ተነሽ፣ አብረን እንውረድ።»

«እኔማ ባልኖር አይሻልም? ፊት ለፊታቸው ካለሁ ያፍራሉ። አንቺ ለብቻሽ ስትነግሪያቸው...»

«ለብቻዬ ከወረድኩ አሳምሬ ነው የምነግራቸው» አለች ተርጓሚዋ። «ማሳመር እችልበታለሁ። ነይ።»

ሳቂታ ግራ ገብቷት አየቻት፤ ግን ተነሣች። ደረጃውን እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። ሳቂታ በመሐል «እጅሽ በረዶ ሆኗል» አለቻት።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የሐኪም ማዘዣቸውን ይዘው ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ባለመድኃኒቷ ጮክ እያሉ ያስረዷቸዋል፤ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ፣ አባባ። ከምግብ በኋላ!» ሽማግሌው ደጋግመው አስደገሟቸው። ተርጓሚዋ በየድግግሞሹ መመለስ አማራት። ሽማግሌው ባርከው ወጡ። ባለመድኃኒቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሁለቱን ተመለከቱ፤ ሳቂታ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በርኅራኄ ለሰለሰ።

«ምነው ልጆቼ? አልሄድሽም እንዴ አንቺ?»

የተርጓሚዋ ጉሮሮ ደረቀ። ባንኮኒውን በአንድ እጇ ያዘች።

«እማማ፣ ቅድም ስለ እሷ የነገርኩዎትን እሷ እየሰማች ልድገመው» አለች። «ከዚያ ውስጥ የቱ ውሸት እንደሆነም እነግርዎታለሁ።»

የሳቂታ እጅ ከእጇ ሲወጣ ተሰማት። መልሳ አልያዘችውም፤ ንግግሯን ቀጠለች።