ዋጋ የማይነገርበት ጋራዥ

የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩን ስትነካ ሾፌሩ አይቷታል። አላየሁም ቢል ይዋሻል። ግን ከኋላው ስምንት ተማሪዎች ነበሩ፤ የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ ደርሷል፤ ከልጆቹ የአንዷ እናት ደግሞ ትንሽ ባረፈደ ቁጥር ስድስት ጊዜ የምትደውል ሴት ናት። ስለዚህ መርፌዋን በዓይኑ «ታገሺኝ» ብሎ ለመናት። አልታገሰችም። ልጆቹን በሩ ላይ አራግፎ ሲመለስ ከሞተሩ ክዳን ሥር ነጭ ጭስ ተግተለተለ። ወርዶ የዘይት መለኪያውን ሲመዘው ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ይህን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መገናኘት የሌለባቸው ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል፤ እነሱ ሲታረቁ ደግሞ የሚጣላው ባለመኪናው ነው።

መንገድ ላይ ያገኘው ጋራዥ ውስጥ ማስገባት ይችል ነበር ይባል ይሆናል። አይችልም ነበር። የሚስቱ ታላቅ ወንድም መካኒክ ነው። አማች መካኒክ እያለ ባዕድ ዘንድ መኪና ማስገባት፣ ቤት ውስጥ ውሃ እያለ ጎረቤት ሄዶ እንደ መጠጣት ነው፤ ሰው ይጠይቃል። መኪናዋ በገመድ እየተጎተተች አማቹ ጋራዥ ገባች።

አማቹ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ ሱሪው ላይ ጠረገ።

«በላሃት» አለ።

«ትድናለች?»

«ቴስታታው ይወርዳል።»

ቴስታታ የሞተር ጭንቅላት ነው። የተቃጠለችው በጭንቅላቱና በገላው መሀል የምትቀመጠው ስስ ልባስ ናት። እሷ ራሷ ርካሽ ናት፤ ሰውን የሚያደኸየው እሷ ጋ ለመድረስ የሚፈታው ሁሉ ነው።

«ስንት ይፈጃል ጋሼ?»

አማቹ እንደ ስድብ ቆጠረው። «ምን ነካህ አንተ? ዘመዳሞች አይደለን እንዴ? ሂድ፣ ሻይህን ጠጣ።»

ሾፌሩን የበላችው ይቺ መልስ ናት። አማቹ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ቸር ነው፤ ችሮታውን ግን አይረሳም። ሾፌሩ ሲያገባ ፍሪጅ ሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው በመጣ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ ፍሪጁን ከፍቶ ውስጡን ያያል፣ በሩን በቀስታ ይዘጋል፣ ከዚያ «አሁንም ይሠራል?» ይላል። የሚጠይቀው ደግሞ እንግዳ ባለበት ነው። አንድ ፍሪጅ ይህን ያህል ዘመን ካወራ፣ አንድ ሞተርማ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በማግስቱ ሾፌሩ የነገሩን ዋጋ ከሌላ ሰው አፍ ለመስማት መለዋወጫ መደብር ሄደ። ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ለሐዘን እንደመጣ ሰው ቀስ ብሎ የሚናገር ነው።

«ልባሷን ብቻ ነው የምትፈልገው?»

«ብቻዋን።»

«ብቻዋን ተሽጣ አታውቅም። ከተከፈተ አይቀር የውሃ ፓምፑንም ትቀይራለህ። ከተከፈተ አይቀር ቀበቶውንም። ዘይቱማ የግድ ነው።»

ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሰው ያፈረሰ ቃል ቢኖር «ከተከፈተ አይቀር» ነው። ሾፌሩ ዕቃውን፣ የቴስታታ ማስተካከያውንና የእጅ ዋጋውን አንድ ላይ ቢይዘው ስንት እንደሚመጣ ጠየቀ። ሻጩ በገንዘብ ሳይሆን በዕድሜ ነገረው።

«ቀላል ከሆነ የአንድ ወር ተኩል ገቢህ ነው። ቴስታታው ከተጣመመና ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ከገባ ሁለት ወር በለው። ከተሰነጠቀ ግን…» መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየው። «መኪናዋን ስትገዛት ስንት ነበረች?»

ሾፌሩ ተሰናብቶ ወጣ።

ደጅ ላይ «መጣሁ» የሚሉትን ሾፌር አገኘው። ይህን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ገና ከአልጋው ሳይነሳ ስልክ ሲያነሳ «መጣሁ» ስለሚል። አሁን በእግሩ ነው የሚሄደው።

«መኪናህስ?»

«ጋራዥ ናት።»

«አሁንም?»

«መጀመሪያ ሞተሯ ተከፈተ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ከዚያ የከፈታት መካኒክ ሌላ ከተማ ሄደ። አሁን ውስጧ ድመት ወልዳለች ይሉኛል።» ትንሽ አሰበ። «ድመቷ ኪራይ አትከፍልም።»

ሾፌሩ ሊስቅ ፈልጎ ፊቱ እንቢ አለው።

ከሰዓት ጋራዡ ሲመለስ ቴስታታው ወርዷል። ሞተሯ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ዕቃዋ አሮጌ አንሶላ ላይ ተዘርግቷል። አማቹ አንገቱን ሳያነሳ ማውራት ጀመረ።

«ተጣሟል፤ ቶርኖ ቤት ልኬዋለሁ። ስትነሳ ታዲያ፣ የኔን ሦስቱን ልጆች ከእነዚያ ጋር ትጭናቸዋለህ። መንገድህ ላይ ናቸው።»

«ወንበሩ እኮ ሙሉ ነው ጋሼ።»

«ታጠጋጋቸዋለህ።»

«ስምንት ነው የተፈቀደልኝ። ከዚያ ካለፈ ትራፊክ…»

«እንግዲያው ሦስቱን ትቀንሳለህ። ዘመድ ይቀድማል መቼስ።» ይህን ያለው እንደ ቀላል ነገር ነው፤ ብሎን እየፈታ።

ለሾፌሩ ያኔ ገባው። የጥገናው ዋጋ ተነገረው ማለት ነው፤ አማቹ ግን የነገረው አልመሰለውም። የአንድ ወር አይደለም፣ የሁለትም አይደለም። ሦስት ወንበር ነው፣ ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ፤ ታናሽየው ደግሞ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«እና ምን ልትለው ነው?»

«ዋጋህን ንገረኝ ልለው።»

«ወንድሜን? እንደ ባዕድ?»

«እንደ መካኒክ።»

«ከዚያ እኔ እናቴ ቤት በየትኛው ዓይኔ ነው የምገባው? ‹ወንድሟ አስከፈላት› አይሉም፤ ‹ወንድሟን እንደ ባዕድ ከፍላ ሸኘችው› ነው የሚሉኝ። የትኛው እንደሚብስ አንተ አታውቅም።»

«ሦስት ወንበር ከሄደ ኪራዩን ምን እንከፍላለን?»

አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጠፈችው። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ በዚያው ቅጽበት ስድስት ጊዜ የምትደውለዋ እናት ደወለች፤ እስከ ሰኞ እንደምትጠብቅና ከዚያ በኋላ ሌላ ሾፌር እንደምትይዝ ነገረችው። ሌሎቹ ወላጆችም እሷን እንደሚከተሉ ያውቃል፤ ሁሌም ይከተሏታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቴስታታው ከቶርኖ ቤት ተመለሰ። ተልጎ ያበራል። አማቹ አዲሷን ልባስ አስቀምጦ ቴስታታውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሾፌሩ እጁን ብረቱ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሳትገጥመው ዋጋውን ንገረኝ።»

«የምኑን?»

«የእጅህን። የዕቃውን። የሁሉንም።»

አማቹ መፍቻውን አንሶላው ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ ቢወረውረው ይሻል ነበር።

«እኔ ካንተ ገንዘብ ልቀበል?»

«አዎ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የእህቱን ባል መኪና ሠራ፣ ተከፈለው ይላል።»

«ምላስህን ስለህ ነው የመጣኸው ዛሬ። እህቴ ይሄን ታውቃለች?»

መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ድምፁንም ለሁለቱ እንዲሰማ ከፈተው። ሾፌሩ ሚስቱ ምን እንደምትል አያውቅም። ማታ ይሁን አይሁን አላለችውም፤ ጠዋትም ሳያናግራት ነው የወጣው። ክፍት ሞተር አጠገብ ቆሞ ክፍት ስልክ ያያል።

«ጋሼ» አለች ከወዲያ። የሚፈስ ውሃ ይሰማል። «ምሳ በላህ?»

«ምሳውን ተዪው። ባልሽ ዋጋህን ንገረኝ እያለኝ ነው።»

ውሃው ቆመ። አማቹ ሾፌሩን አየት አደረገው።

«እና ስንት አልከው?»

«አንቺም?»

«ልጆችህን እወዳቸዋለሁ ጋሼ፤ ታውቃለህ። የምንበላው ግን ከእነዚያ ስምንት ወንበሮች ነው። ሦስቱን ካነሳህ አምስቱ ቤት አያቆሙም። ዋጋህን ንገረው። ምሳህን እልካለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። አማቹ ስክሪኑን ተመለከተው፣ ከዚያ ቴስታታውን፣ ከዚያ ሾፌሩን። ፊቱ ላይ የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ በሩ ላይ «ተመለስ» የተባለ እንግዳ እንጂ። ከዚያ ዋጋውን ተናገረ። መለዋወጫ ሻጩ ሁለት ወር ያለውን ትንሽ የሚያልፍ ነበር።

«ለባዕድ የምሠራበት ዋጋ ነው። አንድም አልቀንስልህም። ለባዕድ ደግሞ በዱቤ አልሠራም፤ ከፍለህ ነው የምታስወጣት።»

«እሺ።»

«እሺ?»

«እሺ ጋሼ።»

ሾፌሩ በሕይወቱ ይህን ያህል ብዙ ገንዘብ ተጠይቆ ይህን ያህል ቀልሎት አያውቅም። ቅለቱ ጋራዡ በር ድረስ ቆየ። ደጅ ሲወጣ ገንዘቡ እንደሌለው ትዝ አለው።

መጀመሪያ የደወለው ለሚፈራት ለዚያችው እናት ነበር፤ የፈሩትን አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል ብሎ። የሚቀጥለውን ወር ክፍያ አሁን እንድትከፍለው ጠየቃት። «እሺ፣ ካረፈድክ ግን ስድስቴ እደውላለሁ» አለችው። ስንት ጊዜ እንደምትደውል እሷም ትቆጥር ኖሯል። ከሌሎቹ አምስቱ ሰጡት፤ አንዱ ስብሰባ ላይ ነኝ አለ፣ በቅዳሜ ቀን፤ አንዷ ግማሹን ላከች። የጎደለውን ሚስቱ ሞላችው። ለጥርሷ ያስቀመጠችው ነበር። እሱ ስለ ጥርሷ ሲጠይቃት «በወዲያኛው በኩል አኝካለሁ» አለችው፤ ነገሩ በዚህ አበቃ።

እሁድ ከሰዓት ሞተሯ ተነሳች። አማቹ ገንዘቡን ተቀብሎ ፊት ለፊቱ ቆጠረው፤ ሁለቴ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠውና ጀርባውን ሊያዞር ሲል እጁ እንቢ አለው፤ ክዳኑን እንደገና ከፍቶ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። የተቀየመ ሰው ነው፤ ሥራውን ግን ሊቀየም አልቻለም።

«ውሃውን በየጠዋቱ እይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ። እየቀነሰ ከሄደ ቴስታታው ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ያ ሌላ ዋጋ ነው።»

«ስንት?»

አማቹ በዚህ ጊዜ አላንገራገረም፤ ወዲያው ነገረው። ሾፌሩ «ምነው ባልጠየቅኩት ኖሮ» አለ በልቡ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ክዳኑን ከፍቶ የውሃ ማጠራቀሚያውን ፕላስቲክ ጎንበስ ብሎ አየ። ውሃው አለ። ግን ትናንት የት ድረስ ነበር? እዚህ? ከዚህ በላይ? ጭንቅላቱን ወደ ግራ ሲያዘነብል ሙሉ ይመስላል፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ጎድሎ ይታየዋል። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

«ቀንሷል?»

«አላውቅም።»

«ስትሞላው የት ነበር?»

«ምልክት አላደረግኩም።»

ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ምልክት አላደረገም። ቤት ገብታ ጥቁር እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰችና ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ውሃው ያለበት ላይ ፕላስቲኩን አሰመረችው። መስመሩ ትንሽ ጠመመ። አስተካክላ ደገመችው።

«ነገ ከዚህ በታች ከሆነ ትነግረኛለህ» አለች። «ከዚህ በላይ ከሆነም ንገረኝ።»

የመጀመሪያው ልጅ ቦርሳውን እየጎተተ በሩ ላይ ደርሷል። ሾፌሩ ክዳኑን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ልጁን «ዛሬ መዝሙር የለም፣ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ» አለው።

«ለምን?»

«እያዳመጥኩ ነው።»