ዝም ያለው ሞተር

ምነው ሞተሩ ዝም አለ?

አያት ከተቀመጡበት ሳይነሱ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ጣል አደረጉ። ምንም የለም። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዙ ከመልቀቁ በፊት የሚያጣራበት ሞተር መጀመሪያ ማጓራት ሲጀምር እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። በኋላ ግን በወንዙ ውሃ የመጣው የልጅ ልጃቸው የሚጣ እግር ቁስል እየደረቀ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን እንደ ሰው ትንፋሽ ያዳምጡት ጀመር።

ሞተሩን ለምና ያስተከለችው እዚያው ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ናት፣ የሚጣ እናት። ፋብሪካው ለአካባቢ ጥበቃ ሰርተፊኬት ሲመዘገብ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። ያስገደደው መንግሥት የለም፤ የውጭ ገዢዎች ግን ያንን ወረቀት ካላዩ ቆዳውን ዞር ብለው አያዩትም። መርማሪዎቹ መጡ፣ ፈተሹ፣ አመስግነው ሄዱ። ትናንት ሰርተፊኬቱ በመስታወት ተለብጦ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰቀለ።

ልጃቸው ለምሳ ስትገባ ለሰርተፊኬቱ ከተደገሰው ግብዣ የተረፈ ኬክ በሶፍት ጠቅልላ ይዛለች። ኬኩንና የሞተር ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉ አያት።

«ምኑ እማዬ?»

«አንቺ ደግሞ! ሞተሩ ነዋ!»

«ደህና ነው። መብራት ይፈጃል ተብሎ ጠፋ።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱማ ግድግዳ ላይ ነው። እሱ እኮ ውሃው ንጹሕ ነው አይልም፤ ለማጽዳት እቅድ አላቸው ነው የሚለው። እቅድ ደግሞ ሞልቶናል።»

አያት አልሳቁም። «ማነው ያጠፋው?»

ልጃቸው ቁልፉን አየት አደረገች። መልሱ ይኸው ነበር።

«ሂጂና ክፈቺው» ሊሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ከእሷ በፊት በእሷ የሥራ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ተናግሮ ተባሯል፤ ይህ ቤት ደግሞ በእሷ ደሞዝ ነው የቆመው።

«ተይ የኔ ልጅ፣ ከሰው አትጋጪ» አሉ። የገዛ ድምፃቸው አስጠላቸው።

ሚጣ እየሮጠች ገባች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ርሶ። «እማ! ወንዙ ሰማያዊ ሆነ! ሳታዪው እንዳትሄጂ!»

እናቷ ተንበረከከች። ሶፍቱን ከኬኩ ላይ ገፍፋ እግሯን ጠረገችላት፤ ሶፍቱ ሰማያዊ ሆነ። ኬኩን አስጨበጠቻትና ተነሣች፣ የሥራ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች።

አያት «ቁልፉን ረሳሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እንዳልረሳችው፣ ሞተሩንም እንደማትከፍተው ሲገባቸው መልሰው ዘጉት።

ልጃቸው በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች።