የአዴ በቀለች የጎመን ዘር

አዴ በቀለች ከሞቱ ወዲህ በአሮጌው ጭቃ ቤት ያደረ ሰው አልነበረም። ቤቱ ሊፈርስና አዲስ ሊሠራበት ነው ሲባል ምራታቸው ኤቢሴ አንድ ነገር ልታድን ገባች፤ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቅል። ቅሉ ውስጥ በአመድ የተለወሰ የሐበሻ ጎመን ዘር ነበር። ስታወርደው ውታፉ ወለቀና ጥቂቱ አማቷ ይተኙበት በነበረው የጭቃ መደብ ላይ ፈሰሰ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ትታው ወጣች።

ኤቢሴ ልጆቿን የምታሳድገው ሱሉልታ ላይ፣ በጎጃም መንገድ ዳር ጎመን እየሸጠች ነው። አምና ከገበያ የገዛችው ዘር በወጉ ሳይቀነጠስ አበባ አውጥቶ ባዶ እጇን አስቀራት። የአዴ በቀለች ጎመን ግን ክረምት ከበጋ ይቀነጠስ ነበር፤ ውርጭ እንኳ አይበግረውም። ከዚያ ዘር የቀረው ቅሉ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ጓሮዋ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የሞተ ዘር ዘርታ ዝናቡ ቢያልፍባት ልጆቿን ምን ታበላለች?

ዘሩን ይዛ ጎረቤቷ ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው አንድ ፍሬ አኝከው ተፉት።

"ይኼማ ከእኔ ጥርስ ይብሳል! ጎመን ዘር ሲቆይ ነፍሱ ይወጣል፣ ልጄ።"

"እና ልጣለው፣ ኦቦ? እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ሳትሞክሪውማ አትጣይ። በቀለች እንዴት ታደርግ እንደነበር ረሳሽው?"

አልረሳችውም። አዴ በቀለች ዘር ሲያረጅባቸው ጥቂቱን በእርጥብ ጨርቅ ቋጥረው ከመቀነታቸው ሥር ያስሩና መደባቸው ላይ ይጋደሙ ነበር። ዘሩ በገላቸው ሙቀት ካጎነቆለ ይዘሩታል፤ እምቢ ካለ ለዶሮ ይበትኑታል።

ኤቢሴም እንደዚያው አደረገች። ቋጠሮውን ታጥቃ ጎመን ሸጠች፣ ታጥቃው ተኛች። ከቀናት በኋላ ስትፈታው አንድም ፍሬ አላጎነቆለም። እሱስ ይሁን፤ ያስደነገጣት ሌላ ነው። ከሆዷ ላይ ሳይለይ የከረመው ጨርቅ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር።

ተስፋ ቆርጣ፣ ከመፍረሱ በፊት ጥግ የቆመውን ሰሌን ላውጣ ብላ ወደ አሮጌው ቤት ተመለሰች። በሩን ስትከፍተው ደርቃ ቀረች።

መደቡ ላይ ጎመን በቅሏል። ጣራው አያፈስም፤ ውሃ ያጠጣም የለም። ደግሞም ዘሩ እንደፈሰሰው ተበታትኖ አልነበረም የበቀለው። በራስጌ በኩል ክብ ብሎ፣ ዝቅ ሲል ሰፍቶ፣ ወደ ግርጌ እየቀጠነ ይወርዳል። በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ልክ ነው። እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ይሞቃል፤ ሰው አሁን የተነሳበት መኝታ ይመስል።

ባሏን ጃለታን ጎትታ አመጣችው።

"የአይጥ ሽንት ያበቀለው ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ግን ደጃፉን አላለፈም። "ነገ ግንበኞቹ ይመጣሉ። ነቅለሽ ጓሮ ትከይው።"

ኤቢሴ አማቷን ይቅርታ ጠይቃ ከውጪው ጠርዝ ጀመረች፤ ሥሩን ከነአፈሩ እያነሳች ጓሮ ተከለችው። ሲመሽ ግማሹ መደቡ ላይ ቀረ። ጠዋት ስታይ ጓሮ ያለው ሁሉ የተቀቀለ መስሎ መሬት ላይ ተኝቷል። ስትነካው ያ የጨርቁ ቅዝቃዜ ነው። መደቡ ላይ የቀረው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያኔ ገባት። ዘሩ አልሞተም፤ ከዚህ መኝታ ግን አይወጣም። እዚሁ አድጎ ካላፈራ ሌላ ዘር የለም።

ግንበኞቹ ዶማ ይዘው ሲገቡ ኤቢሴን ጎመኑ በተነቀለበት ጠርዝ ላይ፣ ለቀረው ጀርባዋን ሰጥታ ተጋድማ አገኟት።

"እመቤቲቱንም አብረን እንገንባት እንዴ?" አለ አንደኛው።

"ማሎ ኤቢሴ፣ እባክሽ ሰው አታስቂብን፤ ተነሺ!" አለ ጃለታ።

"ዘር እስኪይዝ አልነሳም።"

"እሱ እኮ ስንት ወር ነው!"

"ስንትም ይሁን። ልጆቼ ከዚህ ነው የሚበሉት።"

ባለዶማው እየሳቀ ወደ መደቡ ጠጋ አለ። በዚህ ጊዜ ከኤቢሴ ጎን ሥር አፈሩ ሞቀ። ከጀርባዋ ጎመኑ ተንሿሿ። ንፋስ በሌለበት ቤት ቅጠሉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ በጠባብ መኝታ ላይ ሰው ለሰው ቦታ ሲለቅ እንደሚጠጋው።

ሳቁ ቆመ። ጃለታ ዶማውን ከሰውየው እጅ ቀስ ብሎ ተቀበለው።

"አጥሩን ጀምሩ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይኼ ቤት አይፈርስም።"

የኋሊት እየተራመዱ ወጡ። ኤቢሴ በተለቀቀላት ቦታ ላይ እግሯን ዘረጋች።