ዳገት የሚፈራው ላንድሮቨር

«አማ፣ ጋራዥ ውስጥ ጨዋ የሆነ መኪና ዳገት ሲያይ ለምን ይባልጋል?»

ሳንጌ ይህን የጠየቀው እናቱን ፉልማያን ነው። ምሳ ሰዓት ነበር። ልጇ ሾርባው እየቀዘቀዘበት በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ውጭ ላንድሮቨሩ ቆሟል። ሟቹ አባቱ የተወለት ነው፤ አባቱም በሽበቱ ዘመን ነበር የገዛው። ሞተሩ የሌላ ጂፕ ነው፣ ካምቢዮው የራሱ። በሮቹ ከየመኪናው የተለቃቀሙ ናቸው። ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው የፍሪሲዮን የታችኛው ፓምፕ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል ከአንድ ትንሽ የጭነት መኪና ተነቅሎ የተገጠመለት ነው። በማኔባንጃንግ፣ በዚህች የሂማላያ መንደር፣ እንዲህ ያልሆነ ላንድሮቨር የለም። ዋናው መለዋወጫ ከጠፋ ቆይቷል፤ የሞተው መኪና ላልሞተው ያወርሳል።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር። መኪናው ቢርካ መካኒኩ ዘንድ ሲገባ ማርሹ እንደ ታዛዥ ልጅ በአንድ ጥሪ ይገባል። ወደ ሳንዳክፉ ተራራ የሚወጣውን ዳገት ሲጀምር ግን ፍሪሲዮኑን ቢረግጡት ባይረግጡት ለሞተሩ አንድ ነው፤ አይለቅም። አንደኛ ማርሽ ላስገባ ሲሉት ጥርሱን ያፋጫል። ሁለቴ መንገደኛ እንደጫነ ጠመዝማዛው ላይ ቀርቷል። የሾፌሮቹ ማኅበር ሰዎች ታጋሾች ናቸው፤ ቢሆንም ሦስተኛ ጊዜ ከቀረ ተራው ለሌላ መኪና እንደሚሰጥ ለሳንጌ በትሕትና ነግረውታል።

ፉልማያን እንቅልፍ የነሳት ግን የተራው ነገር አልነበረም። የሳንጌ አብሮ አደግ ኡርገን ሲሊጉሪ ከተማ ለሁለታቸውም የሾፌርነት ሥራ አግኝቷል፤ ሰኞ ይወርዳል። ሳንጌም ቃሉን ሰጥቶታል። ቅዳሜ መኪናው ያለ መንገደኛ ተሞክሮ ዳገቱ ላይ እስካለችው እስከ ቱምሊንግ ከወጣ፣ ሳንጌ ይቀራል። ካልወጣ መኪናውን ለብረት ለቃሚ ሰጥቶ አብሮ ይወርዳል።

«ሲሊጉሪ እኮ ሜዳ ነው» አለችው እናቱ። «ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል።»

«አማ፣ እዚህ ደግሞ ገደል አለ።»

«ገደሉንማ ታውቀዋለህ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳንጌ መኪናውን ዳግመኛ ቢርካ ዘንድ አስገባው፤ ሲመሽ ፉልማያ ወደ ጋራዡ ሄደች። መሄድም ነበረባት። በዚያ አገር መኪና ጋራዥ ሲገባ የቤት ዕቃው አስቀድሞ ይወጣል። መስተዋቱ ላይ የታሰረው ነጭ የበረከት ሻርፕ፣ የአማልክቱ ሥዕል፣ የወንበሩ ልብስ፣ የወለሉ ምንጣፍ፣ ይህ ሁሉ በዘይት እጅ አይነካም፤ ነውር ነው። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መኪናው ተሠርቶና ተሞክሮ ሲያበቃ የቤቱ እመቤት መጥታ ሁሉንም በእጇ ትመልሳለች።

«መጡ፣ ዲዲ?» አላት ቢርካ። ስለምትበልጠው ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። «ገበያውን አዙሬ አመጣሁት። እንደ ሙሽራ ነው የሚሄደው።»

«ሙሽራም ጨዋ የምትሆነው አማቷ ቤት እስክትገባ ነው። ዘይቱን ቀየርከው?»

«ቀየርኩት።»

«ከቱቦው አየሩንስ አስወጣህ?»

«አስወጣሁ። አሁን የቀረኝ የራሴን ነፍስ ማስወጣት ነው።»

«የላይኛውን ፓምፕስ?»

«ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጎማውን ቀይሬ ገጠምኩት። ዲዲ፣ ምናለ ቁልፉን ሰጥቼዎት እኔ ቤት ሄጄ ሻይ ባፈላ?»

«ሻዩን ቱምሊንግ ትጠጣለህ» አለችው። «ነገ አብረኸን ትወጣለህ።»

ቢርካ የዛገ ብሎን ይፈታል እንጂ ፉልማያን ከያዘችው ነገር አያላቅቅም። እሺ አለ።

እሷም ሻርፑን አሰረች፣ ሥዕሉን አቧራውን ጠርጋ አቆመች፣ በመጨረሻ ምንጣፉን ዘረጋች። እላይ ተራራው ላይ የወለሉ ብረት እንደ በረዶ ነው። ዘንድሮ ሳንጌ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል ስላላት የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ ተቀምጣ፣ የበግ ሱፉን ደርባ የሠራችው አዲስ ምንጣፍ ነው። ብርዱ የሚገባው በፔዳሎቹ በኩል ነው ብላ ጠርዙን ወደዚያ ጠቀጠቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ እስከ ጣሪያ ወርዶ ነበር። ሳንጌ መሪውን ያዘ፣ እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ቢርካና ኡርገን ከኋላ ገቡ። ኡርገን የጎማ ማስደገፊያ ድንጋዮቹን እንደ ሕፃን ታቅፏቸዋል።

«እርስዎ ከመጡማ መኪናው ፈርቶም ቢሆን ይወጣል፣ አማ» አላት።

«አንተ ድንጋይህን ያዝ።»

መንገዱ ከመንደሩ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ነው። መንደሩ ውስጥ ካለው ቁልቁለት ላይ ማርሹን አስቀድሞ አስገብቶ ሞተሩን ያስነሳው ሳንጌ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይነካ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ፉልማያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ማንን እንደምትለምን ራሷም ለይታ አታውቅም። የቺትሬን ገዳም አለፉ። ከገዳሙ በላይ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ወረዱባቸው። ሳንጌ መቆም ነበረበት። ከብቶቹ አልፈው ማርሹን ሊያስገባ ሲል ክርርር አለ። ደግሞ ሞከረ። ላንድሮቨሩ አንዴ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ።

ኡርገን ማንም ሳያዘው ወርዶ ድንጋዮቹን ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወተፈ። 

«በቃ» አለ ሳንጌ። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምንወርደው?»

«በጠዋት» አለ ኡርገን። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «መጀመሪያ ግን ከዚህ እንውረድ።»

 ፉልማያም ወርዳ ጭቃው ውስጥ ቆመች። ቢርካ ግን የእጅ ባትሪውን ይዞ ከመኪናው ሥር በጀርባው ገብቷል።

«ሳንጌ፣ ርገጥ» አለ ከታች።

«ረገጥኩ።»

«ፓምፑ የሚገፋው ዘንግ የሄደው አንድ ጣት ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁለት ጣት ነበር የሚሄደው። በደንብ ርገጠው እንጂ።»

«መጨረሻው ድረስ ረግጬዋለሁ እኮ፣ ዳጁ» አለ ሳንጌ፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«አልረገጥክም።»

«ና አንተ ርገጠው!»

«እኔ ወጥቼ ልርገጥ? ዘንጉን ማን ሊያይልኝ? ከብቶቹ?»

ክርክሩ ከረረ። ፉልማያ ሰው ሲጨቃጨቅ መስማት አይሆንላትም። «ውረድ፣ እኔ ልርገጠው» አለች። ሳንጌ ትከሻውን ነቅንቆ ወረደላት። ጫማዋ ጭቃ ስለነበረ ሱፉን ላለማበላሸት ምንጣፉን ወደ ወንበሩ አጥፋ ቦታውን ያዘች። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ረገጠች።

 «ዲዲ፣ እስቲ ይድገሙት» አለ ቢርካ ከታች።

ደገመች።

«ሁለት ጣት! ያውም ጠገብ ያለ። ሳንጌ፣ አየህ? ሰው እንዲህ ነው የሚረግጠው።»

ኡርገን ሳቁ አመለጠው። «ሲሊጉሪ ማንን ይዤ እንደምወርድ አሁን ነው የገባኝ። አማ፣ ልብስዎን ያዘጋጁ።»

ሳንጌ ፊቱ ቀልቶ ተመልሶ ሊገባ መጣ። እናቱ ወርዳ፣ እግሩን እንዳይበርደው ምንጣፉን መልሳ ዘረጋችለት። እልሁ ይዞት የእግሩ ጅማት እስኪገተር ረገጠ።

«አንድ ጣት» አለ ቢርካ። «ምን ነካህ?»

ፉልማያ የልጇን እግር አየች። ፔዳሉ ሱፉ ውስጥ ሰጥሞ ቆሟል፤ ወለሉን አልነካም። የታጠፈውንና የተዘረጋውን አሰበች። መደርደሪያውንም አሰበች፤ ጋራዥ ውስጥ ይህ ምንጣፍ በመኪናው ውስጥ ኖሮ አያውቅም።  ልጇን ከብርድ ልጠብቅ ብላ ወደ ሲሊጉሪ ልትሸኘው ነበር።

«ቢርካ» አለች ቀስ ብላ። «ምንጣፉ ነው።»

«ምን?»

«የኔ ምንጣፍ። ደርቤ የሠራሁት።»

ቢርካ ጭቃ እንደለበሰ ወጣ። ምንጣፉን በሁለት ጣቱ ለካው፣ ፔዳሉን አየ፣ ወደ ኋላ ሄዶ መከላከያው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲበርድለት እንዲህ አለ፦

«ጥፋቱ የርስዎ ብቻ አይደለም፣ ዲዲ። የድሮው የታችኛው ፓምፕ ጉሮሮው ጠባብ ነበር፤ ጥቂት ዘይት ሲደርሰው ዘንጉን ሩቅ ይገፋል። እኔ የገጠምኩት ሰፊ ነው። ያንኑ ዘይት ይውጥና ዘንጉን ትንሽ ብቻ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ፔዳሉ ብረት ካልነካ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። በድሮው ቢሆን ፍራሽም ቢያነጥፉለት ግድ አልነበረውም። ሜዳ ላይ እየተንደረደረ ስለሚገባ ማርሹ አያስቸግርም፤ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ሲመጣ ነው የሚታየው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምሞክረው ወለሉ ባዶ ሆኖ ነው። ጠባቡን ፈልጌ እገጥምለታለሁ። እስከዚያው ያለ ምንጣፍ ይሂድ።»

ሳንጌ ምንጣፉን አውጥቶ ለእናቱ አቀበላት። ሞተሩን አስነስቶ ረገጠ፤ ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ኡርገን ድንጋዮቹን አንስቶ እየሮጠ ተሳፈረ።

«ጉልበትህስ?» አለችው ፉልማያ፣ መኪናው ጠመዝማዛውን እንደጨረሰ።

«ካልሲ እደርባለሁ፣ አማ።»

«የሱፍ ይሁን።»

«ካልሲውንም ፔዳል እንዳያስቆም አድርገው ይሥሩለት» አለ ኡርገን ከኋላ።

ቱምሊንግ ሲደርሱ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሳንጌ አቀበቱ ላይ ሆን ብሎ ቆሞ ተነሣ፤ ደግሞ ቆሞ ተነሣ፤ መኪናው አንዴም አልተቃወመውም። የማረፊያው ቤት ሴትዮ ትኩስ ሾርባና ሻይ አቀረበችላቸው፤ ቢርካ ከሁሉም አብልጦ ጠጣ። ፉልማያ ምንጣፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስለ ሰኞ ልጠይቅ አልጠይቅ እያለች ሾርባዋን ስታማስል ቆየች። ጠይቃ መልሱን ከመስማት አለመጠየቁ ይሻላት ነበር።

የጠየቀው ኡርገን ነው። «እህ፣ መኪናው ወጣ» አለ።

«ወጣ» አለ ሳንጌ።

«ቃል ቃል ነው፤ አልከስህም። ብቻዬን ስሆን ግን መንገዱ ይረዝምብኛል።»

«ሲሰለችህ ና። ዳገቱ የትም አይሄድም።»

ፉልማያ ያን ጊዜ ሾርባዋን ጠጣች። ቀዝቅዞ ነበር፤ ሌላ እንዲቀዳላት ጠየቀች፣ ከዚያም ሌላ።

ሰኞ ጠዋት ኡርገን ሻንጣውን ይዞ በሕዝብ ጂፕ ወደ ሲሊጉሪ ወረደ። ሳንጌ ቀረ።